በመዝገብ ያረጀች በቅሎ

[ገሳይ፣ ታኅሣሥ 1976። የገበሬዎች አገልግሎት ህብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ወደ ግቢው የሚያሳይ አንድ መስኮት። የማኅበሩ ሂሳብ ሹም ሙላቴ ደብረ ታቦር ሦስት ወር ሂሳብ ተምሮ ከመጣ ወዲህ በገሳይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ወር ደግሞ አጉል ጊዜ ነው፣ ለማወቅ ያንሳል፣ ለመኩራት ይበቃል። ፊት ለፊቱ የቆሙት አያ ጌጡ የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው፤ የማኅበሩን በቅሎም የሚያበሉ፣ የሚያጠጡ፣ የሚጭኑ እሳቸው ናቸው። ነገር ቶሎ አይገባቸውም ይባላል፤ ሙላቴም ይህን ከሚሉት አንዱ ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ሙላቴ፦ አርጅታለች አልኩዎት እኮ፣ አያ ጌጡ።

ጌጡ፦ አላረጀችም።

ሙላቴ፦ አርጅታለች።

ጌጡ፦ ስምንት ዓመቷ ነው። ጥርሷን በገዛ እጄ ከፍቼ አይቻለሁ። ዛሬ ጠዋትም አይቼ ነበር፤ ጣቴን ልትቆርጠው ነበር። ያረጀች በቅሎ ትተክዛለች እንጂ አትናከስም።

ሙላቴ፦ እኔ ስለ ጥርስ መቼ አወራሁ? በመዝገብ ነው ያረጀችው።

ጌጡ፦ መዝገቡ ውስጥ ገብታ?

ሙላቴ፦ አዎ፣ ገብታ።

ጌጡ፦ በየት በኩል?

[ሙላቴ ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቀለ። ከአውራጃ የመጣው ተቆጣጣሪ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የበቅሎዋ ጨረታ በአራት ሰዓት ይጀመራል። የቀረው የእኚህ ሽማግሌ ፊርማ ብቻ ነው፤ ንብረቱን የያዘው ሰው ካልፈረመ ጨረታው አይጸናም።]

ሙላቴ፦ ይቀመጡና ይስሙኝ። ቀስ አድርጌ ላስረዳዎት። በቅሎዋ በ71 ስትገዛ ስንት ወጣባት?

ጌጡ፦ ስድስት መቶ ብር። ከእብናት ገበያ ጋልቤ ያመጣኋት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጥላኛለች።

ሙላቴ፦ ጥሩ። በሂሳብ ሕግ ማንኛውም ንብረት በየዓመቱ ከዋጋው ይቀነስለታል። እርጅና ይባላል። እሷ በዓመት መቶ ሃያ ብር ታረጃለች።

ጌጡ፦ በብር ነው የምታረጀው?

ሙላቴ፦ በብር ነው።

ጌጡ፦ እኔ በጉልበቴ ነው ያረጀሁት። በብር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ልጅ ነበርኩ፤ ብር ኖሮኝ አያውቅም።

ሙላቴ፦ አምስት ዓመት በመቶ ሃያ ሲባዛ ስንት ነው?

ጌጡ፦ ስድስት መቶ።

ሙላቴ፦ ከስድስት መቶ ላይ ስድስት መቶ ሲቀነስስ?

ጌጡ፦ በቅሎዋ ሞተች ማለት ነው?

ሙላቴ፦ አልሞተችም። ከመዝገቡ ጨርሳ እንዳትጠፋ አንድ ብር እንተውላታለን። ስለዚህ ዛሬ የበቅሎዋ ዋጋ አንድ ብር ነው።

ጌጡ፦ ኮርቻዋን ሳይጨምር?

ሙላቴ፦ ኮርቻዋንም ጨምሮ። እሱም አርጅቷል።

ጌጡ፦ ልጓሙ እንኳ አምና ነው የተገዛው።

ሙላቴ፦ ከእሷ ጋር ስለዋለ አርጅቷል።

[አያ ጌጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙላቴ ገባቸው ብሎ ደስ አለው፤ መዝገቡን ገልጦ ወደ እሳቸው አዞረው።]

ሙላቴ፦ ይኸው ይመልከቱ። በግራ በኩል ያለው ዴቢት፣ በቀኝ በኩል ያለው ክሬዲት ይባላል።

ጌጡ፦ ይኼንንስ አውቀዋለሁ። በመጨረሻው ቀን በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ ይቆማሉ።

ሙላቴ፦ ያ ሌላ ነው።

ጌጡ፦ በቅሎዋ በየትኛው ናት?

ሙላቴ፦ በግራ ነበረች። ልትወጣ ነው።

ጌጡ፦ ምስኪን። ምን በደለች?

[ሙላቴ መዝገቡን መልሶ ወሰደው። አያ ጌጡ የተቀመጡበትን ወንበር በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።]

ጌጡ፦ ይኼ ወንበርስ?

ሙላቴ፦ እሱም ያረጃል። ሁሉም ያረጃል።

ጌጡ፦ በእኛ ሐሳብ ወንበር አያረጅም።

ሙላቴ፦ የምን ሐሳብ ነው ደግሞ?

ጌጡ፦ ባሕረ ሐሳብ ነዋ፤ ጾምና በዓል የሚወጣበት ቁጥር። አንተ ሳትወለድ፣ እስቴ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ሁለት ዓመት ተምሬዋለሁ። የዓመተ ዓለሙን ቁጥር ለዐሥራ ዘጠኝ እናካፍልና፣ ከሚተርፈው ላይ አንዱን ለዘመን ብለን እንተወዋለን። የቀረው ወንበር ይባላል። የዘንድሮው ወንበር ስምንት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እንደገና ይታደሳል እንጂ አያረጅም።

ሙላቴ፦ ያ የቤተ ክህነት ነው፣ አያ ጌጡ። ይኼ ሳይንስ ነው።

ጌጡ፦ እሱስ ልክ ነህ። የእኛው አንድ ቀንሶ ሌላውን ያስቀራል። የእናንተው ሌላውን ቀንሶ አንድ ያስቀራል።

[ሙላቴ ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ ሊለይለት አልቻለም። የሰውዬውን ፊት አየ፤ ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው። ምስጋና ነው ብሎ ወሰደው።]

ጌጡ፦ እንግዲህ ወንበሩ ካረጀ፣ ሊቀመንበሩስ?

ሙላቴ፦ [ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ] ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ።

ጌጡ፦ ከተመረጠ እኮ አምስት ዓመቱ ነው። በዓመት መቶ ሃያ ቢባል...

ሙላቴ፦ ሰው አያረጅም!

ጌጡ፦ ደግ። [ነጠላቸውን አስተካከሉ] ለባለቤቴ እነግራታለሁ፤ ደስ ይላታል።

ሙላቴ፦ ይፈርሙልኝ በቃ። እዚህ ጋ።

ጌጡ፦ እፈርማለሁ። ግን ያልገባኝ ነገር አለ።

ሙላቴ፦ አንድ ብቻ ከሆነ እግዜር ይመስገን።

ጌጡ፦ አምና ነጭ ጋዙ ሲጎድል ተነነ ብለህ ጻፍክ።

ሙላቴ፦ ጋዝ ይተናል። የታወቀ ነው።

ጌጡ፦ ጨው ሲጎድል ዝናብ አቀለጠው ብለህ ጻፍክ።

ሙላቴ፦ ጣራው ያፈስ ነበራ።

ጌጡ፦ ስኳሩ ሠላሳ ኪሎ ሲጎድል ደግሞ ጉንዳን በላው ብለህ ጻፍክ።

ሙላቴ፦ በላው። ታዲያ ጉንዳን ስኳር ካልበላ ምን ሊበላ ነው?

ጌጡ፦ እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ግን ከእብናት የመጣ አንድ ሰው ጉንዳኑን አየሁት አለኝ። ኮት ለብሶ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ፣ አቶ ገብረየሱስ ቤት ሲገባ።

[ሙላቴ ሳል ሳል አለው። አቶ ገብረየሱስ የእብናት ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን እቴነሽን ለሙላቴ ሊድሩለት ቃል ገብተዋል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ሽማግሌ የተላከ ለታ ሙላቴ አፉን ሞልቶ "የሠርጉ ቀን በራሴ በቅሎ ነው የምመጣው" ብሏቸዋል። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ አማቱ ኮቱን አተኩረው ሲያዩት ደንግጦ ያመለጠው ነገር ነው። የሂሳብ ሹም ደመወዝ በቅሎ አይገዛም። ስለዚህ በቅሎዋን በመዝገብ አስረጅቶ፣ በአጎቱ ልጅ በበላይነህ ስም በአንድ ብር ሊያስቀራት አሰበ። በላይነህ አሁን ግቢው ውስጥ ብሩን በጭብጡ ይዞ ቆሟል።]

ሙላቴ፦ ዛሬ የመጣነው ስለ በቅሎ እንጂ ስለ ስኳር አይደለም።

ጌጡ፦ እሺ፣ ስለ በቅሎ። እሷ ከተሸጠች ጨዉን ወደ ጉና ማን ያወጣዋል? የጉና ሰው ጨው ጨርሶ እየጠበቀን ነው።

ሙላቴ፦ ማኅበሩ ሌላ በቅሎ ይገዛል።

ጌጡ፦ በምን ገንዘብ?

ሙላቴ፦ በሽያጯ ገንዘብ።

ጌጡ፦ በአንድ ብር?

ሙላቴ፦ ...ቀስ ተብሎ ይታሰብበታል።

ጌጡ፦ የታመመስ ሲኖር? ብዙነሽን አምና ክረምት ምጥ ሲጠናባት ያወረድናት በዚች በቅሎ ነው። በጭቃው፣ በጉሙ፣ ከፊት ሆኜ የመራሁት እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር አለኝ። ልጁ አሁን ዳዴ ይላል። እኔ ይችን በቅሎ ሳያት ያ ልጅ ነው የሚታየኝ፣ ጓድ ሙላቴ። አንድ ብር ስትላት ሆዴ ይባባል።

[ሙላቴ አፈረ። እውነቱን ነው ያፈረው፤ አንገቱን ደፍቶ ብዕሩን ይነካካ ጀመር። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ መዝገቡን ይዘጋው ነበር ይሆናል። ግን የአማቱ ዓይን ትዝ አለው፤ በእግሩ አቧራ ለብሶ እብናት ሲገባ ታየው።]

ሙላቴ፦ ይገባኛል፣ አያ ጌጡ። ሕግ ግን ሕግ ነው።

ጌጡ፦ ሕግ ከሆነስ ምን ይደረጋል። ግን እኔ አርጅታለች ብዬ አልፈርምም፤ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ አርባ ስግደት ነው የሚያሸክሙኝ፣ ጉልበቴ ደግሞ እንደምታውቀው በመዝገብ ሳይሆን በእውነት ነው ያረጀው። አንተ ጻፍና አንተ ፈርም። እኔ ከሥሩ "ሲፈርም አይቻለሁ" ብዬ እፈርማለሁ።

ሙላቴ፦ [ደስ አለው] ይሁን። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጌጡ፦ ለእኔ ቢጤ እንዲገባ አድርገህ።

ሙላቴ፦ [እየጻፈ] "የዚህች በቅሎ ዋጋ በሂሳብ ሕግ መሠረት አንድ ብር መሆኑን አረጋግጣለሁ።"

ጌጡ፦ አንዱ መጥቶ የለም ከዚያ በላይ ታወጣለች ቢልስ?

ሙላቴ፦ "ከዚህ በላይ ታወጣለች የሚል ሰው ቢኖር መዝገብ የማያውቅ ነው።"

ጌጡ፦ መዝገብ የሚያውቅ ሆኖ ቢልስ?

ሙላቴ፦ "ወይም መዝገቡን ሊያጭበረብር ያሰበ ነው።" አሁንስ በቃዎት?

ጌጡ፦ ማኅተም ምታበት። ቀለሙ ደስ ይለኛል።

[ሙላቴ ማኅተሙን እስትንፋሱን እፍ ብሎበት መታው። አያ ጌጡ በቀጭን የደብተራ እጅ፣ ሐረግ መሳል ሲቀራቸው፣ ስማቸውን ጻፉ። ሙላቴ ወረቀቱን አድርቆ ለመስጠት መስኮቱን ከፈተና በዚያው ደርቆ ቀረ።]

ሙላቴ፦ ይኼ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?

ጌጡ፦ ለጨረታው የመጣ ነዋ።

ሙላቴ፦ ማን ነገራቸው?

ጌጡ፦ እኔ እንኳ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሙላቴ፦ ማስታወቂያውንስ? ሕጉ ዐሥር ቀን ይለጠፍ ስለሚል ይለጠፍ፣ ግን ሰው በማይቆምበት ቦታ ይሁን ብዬዎት አልነበረም?

ጌጡ፦ ብለኸኛል። እንዳልከኝም ነው ያደረግሁት። ሰው የማይቆምበት ቦታ ስፈልግ እንቅልፍ አጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር? ሰው ይቆማል። ወፍጮ ቤቱ? ይቆማል። ከጠጅ ቤቱ ጀርባ? እዚያማ ተራ ጠብቀው ነው የሚቆሙት። በኋላ ግን አገኘሁት።

ሙላቴ፦ የት?

ጌጡ፦ ከበቅሎዋ በስተኋላ።

ሙላቴ፦ የት አሉ?

ጌጡ፦ ትራገጣለቻ። ከኋላዋ ሰው አይቆምም። ከጭነቱ ላይ፣ በጭራዋ በኩል፣ ከጨዉ ጆንያ ጋር በወስፌ ሰፋሁት። ዐሥር ቀን ሙሉ አንድ ሰው አልቆመም።

ሙላቴ፦ ታዲያ እንዴት አድርገው አነበቡት?

ጌጡ፦ እየሄዱ። የጉና መንገድ ጠባብ ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ ከኋላዋ ራቅ ብሎ፣ ተሰልፎ ነው የሚወጣው። የግማሽ ቀን ዳገት ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ደግሞ ሁሉም መሠረተ ትምህርት የተማረ ነው። ምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው፣ ማንበብ ችለው፣ የሚነበብ አጥተው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይኼን ሲያገኙ ምን ያድርጉ?

ሙላቴ፦ [ወንበሩ ላይ ዝርግት ብሎ] ማን አነበበው?

ጌጡ፦ መጀመሪያ አሰለፈች፣ የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር። "ጨ" ላይ ስትደርስ ያዛት። "ጨ... ጨ..." እያለች ዳገቱን ጨረሰችው። ጉና አናት ላይ "ጨረታ" አለችና ሁላችንም አጨበጨብንላት። ስንወርድ ደግሞ ዋጋውን አነበበች። ያኔ ግን ያጨበጨበ የለም።

[ሙላቴ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ራሱን አጽናና። ሰው ቢመጣስ? የገሳይ ሰው ለወሬ መውጣት ልማዱ ነው። እሱ ራሱ መውጣት አይችልም፤ የማኅበሩ ሂሳብ ሹም ከተጫራች ጋር ሲንሾካሾክ ከታየ ነገር ይበላሻል። ወረቀቱን ለአያ ጌጡ ሰጥቶ ላካቸውና መስኮቱን ዘግቶ ከጎኑ ተደብቆ ቆመ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።]

ሙላቴ፦ እህሳ?

ጌጡ፦ ተጀመረ። ተቆጣጣሪው ወረቀትህን ጮክ ብሎ አነበበው። "የበቅሎዋ ዋጋ አንድ ብር" ሲል ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሙላቴ፦ ለምን?

ጌጡ፦ የሞተች መስሏቸው ነዋ።

ሙላቴ፦ በላይነህስ?

ጌጡ፦ አንድ ብር ብሎ ጠራ።

ሙላቴ፦ እሰይ።

ጌጡ፦ አሰለፈች ሁለት ብር አለች።

ሙላቴ፦ ከየት አምጥታ?

ጌጡ፦ አርባ ሴቶች አምስት አምስት ሳንቲም አዋጥተው። በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራዋለች። ብዙነሽ የልጄንም ድርሻ ብላ ዐሥር ልትሰጥ ነበር፣ ሂሳብ ይፋለሳል ብዬ እኔ ነኝ የከለከልኳት።

ሙላቴ፦ እርስዎ ደግሞ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?

ጌጡ፦ ሲያዋጡ እያለፍኩ ነበር።

ሙላቴ፦ ይሁን። ይሂዱና በላይነህን ሦስት በል ይበሉት። ቶሎ።

[አያ ጌጡ ወጡ። ቶሎ የተባሉት ሰው ሲሄዱ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጠጠር አራገፉ፣ መልሰው አጠለቁ። ሙላቴ በመስኮቱ ሽንቁር እያየ ጥፍሩን በላ። ተመለሱ።]

ጌጡ፦ ሦስት አለ።

ሙላቴ፦ አሰለፈችስ?

ጌጡ፦ እሷ ዝም አለች። የተናገረው ተቆጣጣሪው ነው።

ሙላቴ፦ ምን አለ?

ጌጡ፦ ወረቀትህን አነሣና በላይነህን ጠየቀው። "ዋጋዋ አንድ ብር መሆኑ ተረጋግጧል። አንተ ሦስት ታወጣለች ትላለህ። መዝገብ የማታውቅ ነህ ወይስ መዝገቡን ልታጭበረብር ያሰብክ?" አለው።

ሙላቴ፦ [ድምፁ ቀጠነ] በላይነህ ምን መለሰ?

ጌጡ፦ "ጓድ ሙላቴን ጠይቁት" አለ።

[ሙላቴ ከመስኮቱ ራቀ። የበላይነህን ዘር ሁሉ ሊረግም ጀመረና የራሱም ዘር መሆኑ ትዝ ብሎት ተወው።]

ሙላቴ፦ ቆይ እንጂ። አሰለፈችስ? እሷም ከአንድ ብር በላይ ነው የጠራችው። እሷን ለምን አልጠየቃትም?

ጌጡ፦ ጠየቃት እንጂ።

ሙላቴ፦ ምን አለች?

ጌጡ፦ "እኔ መዝገብ የማላውቅ ነኝ፣ ፊደል እንኳ የጨረስኩት በዚች በቅሎ ጭራ ሥር ነው" አለች።

ሙላቴ፦ ተቆጣጣሪውስ?

ጌጡ፦ ጥርሱ ታየ። ዕድሜውን ልቆጥርበት ስል ከደነው።

ሙላቴ፦ አሁን ምን እየጠበቁ ነው?

ጌጡ፦ አንተን። "ሂሳብ ሹሙ ይምጣና አንድ ብር ያላት በቅሎ እንዴት ሦስት ብር እንደምታወጣ ያስረዳኝ" ይላል። ልጥራህ?

ሙላቴ፦ አይጥሩኝ። በላይነህ ተሳስቶ ነው ይበሉ። ትቶታል ይበሉ።

ጌጡ፦ አርጅታለች ልበል?

ሙላቴ፦ ምንም አይበሉ። ትቶታል ብቻ።

[አያ ጌጡ ወጡ። ሙላቴ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ። ደብረ ታቦር የተማረውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበው። ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ በደንብ ተምሯል፤ የወረደው በሰው ፊት እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ ግን ያ ትምህርት አራተኛው ወር ላይ ሳይሆን አይቀርም። የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ራቀ። አያ ጌጡ ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።]

ጌጡ፦ ተሸጠች። በሁለት ብር። ለሴቶች ማኅበር።

ሙላቴ፦ ተቆጣጣሪውስ?

ጌጡ፦ ፈርሞ ሄደ። ሊሄድ ሲል ስለ ጉንዳኑ ጠየቀኝ።

ሙላቴ፦ [ብድግ አለ] ምን አሉት?

ጌጡ፦ "ልጅ ጉንዳን ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ይጾማል" አልኩት። ገና ሲፈሰክም ይጾማል ብያለሁ። የጎደለውንም ከየደመወዙ እያመጣ ይመልሳል ብያለሁ። አታሳፍረኝም መቼም።

ሙላቴ፦ [ቀስ ብሎ ተቀመጠ] አላሳፍርዎትም።

ጌጡ፦ ጥሩ።

ሙላቴ፦ እኔስ አሁን ምን ሆኜ ነው እብናት የምሄደው? በራሴ በቅሎ እመጣለሁ ብያለሁ። አቶ ገብረየሱስ በእግሬ ስመጣ ቢያዩኝ ልጃቸውን ይከለክሉኛል። አያ ጌጡ፣ እኔ እቴነሽን እወዳታለሁ። ሁሉም ነገር ለእሷ ብዬ ነው።

ጌጡ፦ አውቃለሁ። ለእሷ ባትል ኖሮ ለተቆጣጣሪው ሌላ ነገር ነበር የምነግረው። አይዞህ፣ ታስቦበታል። ሴቶቹ ያከራዩሃል።

ሙላቴ፦ በቅሎዋን?

ጌጡ፦ ከነኮርቻዋ። ጨውና በሽተኛ የሌለ ቀን።

ሙላቴ፦ በስንት?

ጌጡ፦ ደርሶ መልስ ስልሳ ብር።

ሙላቴ፦ በሁለት ብር ገዝተው ስልሳ ብር?

ጌጡ፦ ሁለት ብር ያወጣችው ያረጀችዋ ናት። ሙሽራ ተሸክማ እብናት ደርሳ የምትመለሰው ሌላዋ ናት።

ሙላቴ፦ ሌላ በቅሎ አላቸው እንዴ?

ጌጡ፦ ያቺው ናት።

ሙላቴ፦ እንግዲህ አርጅታለች እኮ፣ አያ ጌጡ። ሃያ ብር ይበቃታል።

ጌጡ፦ ካረጀችማ አናከራይህም። ቁልቁለት ላይ ጉልበቷ ከድቷት ብትጥልህ እቴነሽ ምን ትለናለች? ስለዚህ ሴቶቹ ቃልህን ይፈልጋሉ። አርጅታለች የምትል ከሆነ በእግርህ ሂድ። ወጣት ናት የምትል ከሆነ ስልሳ ብር።

[ሙላቴ መዝገቡን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ጫማውን አየ። እብናት በእግር ሲታሰብ ሩቅ ነው።]

ሙላቴ፦ [በለሆሳስ] ወጣት ናት።

ጌጡ፦ እኔ ሰምቻለሁ። ቃል የሚፈልጉት ግን እነሱ ናቸው፣ ያሉትም ግቢው ውስጥ ነው።

ሙላቴ፦ [መስኮቱን ከፍቶ፣ ጮክ ብሎ] ወጣት ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ገና ዐሥር ዓመት ትሠራለች። ስድስት መቶም ሲያንሳት ነው።

[ከግቢው የአርባ ሴቶች እልልታ ተነሣ፤ አላባራ አለ። ሙላቴ ፊቱ በራ።]

ሙላቴ፦ ለሠርጌ ነው፣ አያ ጌጡ?

ጌጡ፦ የለም። ሂሳብ ሹማቸው እውነት ሲናገር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።